ያልጠቆረው እንጆሪ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ጠዋት ያንን እንጆሪ ልነቅለው መቆፈሪያ ይዤ ወጣሁ። ከእንጦጦ ባመጣሁት የዱር እንጆሪ ዘር ካበቀልኳቸው ሁሉ የሱ ፍሬ ብቻ አልጠቁር ብሎ ቢጫ ሆኖ ቀረ። በሽታ መስሎኝ ለሌሎቹ ፈራሁ፤ አራት ዓመት ደክሜባቸዋለሁ።

ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። የመቆፈሪያውን ድምፅ ሰምተው "ምን ልትነቅል ነው ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"እስቲ ወደሱ ውሰደኝ።"

እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። እሾሁን እየሸሹ ቅጠሉን ዳበሱ። አንዷን ፍሬ ነካ ቢያደርጓት መዳፋቸው ላይ ወደቀች። ተዉ ሳልላቸው ጎረሷት።

"በስሏል እኮ! ጥሬ ቢሆን መቼ እንዲህ በቀላሉ ይለቅ ነበር?"

እኔም ቀመስኩ። ማር ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ እስኪጠቁር ስጠብቅ ለካ ለወፍ ስገብር ኖሬአለሁ።

"መልኩ ምን ይመስላል?" አሉኝ።

"ቢጫ ነው፤ እንደ ለጋ ቅቤ።"

"ቢጫ እንጆሪ! እሰይ፣ እግዜር ይህንንም አሳየኝ" ብለው ሳቁ።

ተመስገን። እሳቸው ባይሰሙኝ ኖሮ ይሄኔ ተነቅሎ ደርቆ ነበር። ከቅርንጫፉ ቆርጬ ሁለት ተከልኩ። መጽደቃቸውን እንጃ። ከጸደቁ ግን አንዱን በራቸው አጠገብ፣ እጃቸው በሚደርስበት እተክልላቸዋለሁ።