ክትባቱና የፊተኛው ወንበር

ሰኞ

«የተከበሩ የጉባኤው ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች…» ብዬ ጀምሬ ቀና ስል የአዳራሹ ግማሽ ስልኩን ይነካካል። አልተቀየምኩም። እኔም በሰው ንግግር ላይ እንደዚያው ነኝ።

ያቀረብኩት አሳብ አጭር ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴው ኃላፊ እንደመሆኔ፣ ለአካባቢያችን የሚደርሰው የኮሮና ክትባት ቤት መዋል ለማይችሉ ሠራተኞች ቅድሚያ ይሰጥ አልኩ። መንገድ ጠራጊዎች፣ የታክሲ ሾፌሮች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ መቃብር ቆፋሪዎች። የጤና ባለሙያዎች ቀድመው ወስደዋል። ለሽማግሌዎችና ለሕመምተኞች በጤና ጣቢያው የራሳቸው ተራ ተይዞላቸዋል፤ እኔም በዚያው ተራ ተወግቻለሁ። የቀሩት ከሰው ትንፋሽ መሸሽ የማይችሉት ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያስቃል። በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ያለ እሱ አገር የማትውል ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። የፕሮቶኮል ባልደረባው «እኛስ ስንቱን እንግዳ እንቀበላለን!» አለ። ሲ.ኤም.ሲ የቤት ዕቃ መደብር ያለው አባል ደግሞ «ሶፋ የሚገዛ ሰው ሳይቀመጥበት አይገዛም፤ ትንፋሹን ለእኔ ትቶልኝ ይሄዳል» ብሎ ተማጸነ። አንድ የተከበሩ አዛውንት አባል ግን ከልባቸው ተናገሩ። «በባህላችን ታላቅ ይቀድማል። ወጣቱ ከሽማግሌ ቀድሞ ሲሰለፍ ማየት ይከብደኛል።»

ሽማግሌ ቤቱ ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ጠራጊዋ ግን ቤቷ ብትቀመጥ ከተማው እንደማይጠረግ መለስኩላቸው። ሰብሳቢው ውሳኔውን ለነገ አሳደሩት። አሸናፊም ተሸናፊም ሳልሆን ወደ ቤቴ ገባሁ።

ማክሰኞ

ኮተቤ ከቤቴ በታች ያለውን መንገድ የምትጠርገው ዘነበች ናት። ጠዋት ጠዋት ስራመድ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ዛሬ ግን ከወትሮው ራቅ ብላ ቆመች።

«ምነው ዘነበች፣ ተጣላን እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ! ትላንት መገናኛ ነበርኩ። ያ ሁሉ ሰው ሲያስል ሲያነጥስ ውዬ እርስዎን ልጠጋ?»

ቤቷ ከእንጦጦ ሥር ነው። እናቷ አስም ያለባቸውና ልባቸውም የደከመ ሴት ናቸው። ሕመሙ ስለበረታባቸው ሐኪሙ የእሳቸው ክትባት ለጊዜው ይቆይ ብሏል። ዘነበች በሽታውን ይዤባቸው እገባለሁ ብላ ስለፈራች፣ ምግባቸውን በር ላይ አስቀምጣ ትሸሻለች። የምታድረው ማድ ቤት ነው።

«በሩን ዘግቼ ነው የማዋራት። ‹ተጸየፍሽኝ፣ አውቄብሻለሁ› ትለኛለች። ብነግራትም አይገባትም። ጋሼ፣ እሱ መርፌ ለእኛም ይደርሰናል?»

እኔ የሕዝብ ተወካይ ነኝ፤ ቃል የመግባት ልማድ አለብኝ። ለእርሷ ግን እሞክራለሁ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ከሰዓት በኋላ አሳቡ ጸደቀ! ትላንት የተቃወሙኝ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ሶፋ ሻጩም እየተነጫነጨ አወጣ። ክትባቱ ሐሙስ በወረዳው አዳራሽ ይሰጣል፣ ለእነዚህ ሠራተኞች ብቻ። ለዘነበች ለመንገር እስኪነጋ ቸኩያለሁ።

ረቡዕ

የዝግጅት ቀን። ለአዳራሹ ደጅ ድንኳን ተገኘ። ወንበሮች ከአንድ ትምህርት ቤት በትውስት መጡ። ውኃና ሳሙና በር ላይ። ክትባቱን የምትመራው ነርስ ሲስተር ሃና ወንበሮቹን እስከ መርፌው ጠረጴዛ ድረስ በተርታ አስደረደረች። የፊተኛው ሲወጋ ሁሉም አንድ አንድ ወንበር እየተጠጋ ይሄዳል። «መጋፋት የለም፣ ቁጥር መጥራት የለም። ቂጥ ብቻ ነው የሚሠራው» አለች። ሲስተር አፏ ስድ ነው፤ እጇ ግን ለስላሳ ነው ይላሉ።

ዘነበች ስትሰማ መጥረጊያዋን አቅፋ ሳቀች። እናቷ ምን እንደሚሉ ግን አልጠየቅኋትም።

ያለ ምርቃት ሥራ አይጀመርምና ለዕድራችን ዳኛ ለጋሽ ተሰማ ደወልኩላቸው። ከሰማንያ ያለፉ፣ በሰፈሩ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። «ሽማግሌዎችን ይዤ እመጣለሁ» አሉኝ። ነገሩ ሁሉ በሥርዓቱ መሆኑ አስደሰተኝ።

ሐሙስ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ሠራተኞቹ በጊዜ መጥተው ወንበሮቹን ሞልተዋል። ዘነበች ከፊት ሦስተኛዋ ናት፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከጀርባዋ ሙሉጌታ የሚባል፣ በመገናኛ–አያት መስመር የሚሠራ የታክሲ ሾፌር «ሲስተር፣ መርፌው ሞልቶ ነው ወይስ ትርፍ ይጭናል?» እያለ ያስቃል። ደስ የሚል ጠዋት ነበር።

ከዚያ ጋሽ ተሰማ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡ።

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ «በእግዜር! በእግዜር!» አሉ። ማን ሊቀመጥ! ዘነበች የአንዱን ሽማግሌ ክንድ ይዛ የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ሙሉጌታ የእሱን ለቀቀ። የፊቱ ተርታ በሙሉ ለሽማግሌ ተለቀቀ። ምርቃቱ ደረሰ፤ አሜን ተባለ። ሲስተር ሃናም ከመጋረጃው ኋላ ሆና «የፊተኛው ይምጣ!» ብላ ተጣራች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የፊተኛው ኮታቸውን አወለቁ።

ይህን ጊዜ አንድ ሰው መናገር ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አፌን ስከፍት ግን እጅጌያቸውን የጠቀለሉት አባት ፈገግ ብለው «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አስታወሳችሁን» አሉኝ። ምን ልበል? ማስኬን አስተካከልኩ።

ወሬው ወጣ። ጎረቤት ያሉ አዛውንቶች እየተጠራሩ መጡ። አንድ በገባ ቁጥር «ኖር!» ይባላል፤ አንድ ወንበር ይለቀቃል። ጠራጊውና ሾፌሩ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ ተገፉ። የገፋቸው ሰው የለም፤ በራሳቸው ጨዋነት ነው የሄዱት። ከሰዓት በኋላ ሲስተር የዕለቱ ክትባት ማለቁን ነገረችን።

ዘነበችን ደጅ አገኘኋት። «ምነው ወንበርሽን ለቀቅሽ?» አልኳት፤ ቁጣ ቢጤ ሳይሰማብኝ አልቀረም።

«ውይ ጋሼ፣ አባት ቆመው እኔ ልቀመጥ? እንዲህ ተደርጌ አላደግሁም!»

 እኔ ራሴ ልጆቼን ያሳደግኋቸው እንዲሁ ብዬ ነው።

ዓርብ

ሲስተር ሃና ጠዋት ደወለች። ከሌላ ጣቢያ የተረፈ ጥቂት ክትባት ለነገ አግኝታለች። «ጋሼ፣ እንደ ትላንቱ ከሆነ ግን እኔ ለአዛውንት ማኅበር ብቀጠር ይሻለኛል» አለችኝ።

በር ላይ ማስታወቂያ ልለጥፍ አሰብኩ። «ለሽማግሌ አትነሡ» ብዬ? በኮተቤ? ጽፌ ሳልጨርስ ቀደድኩት።

ጋሽ ተሰማ ቤት ሄድኩ። ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ ብዙ ከተናገርኩ በኋላ ነገሩን አወጣሁት። የዘነበችንም የእናቷንም ጉዳይ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ አንድ ጊዜ ደቅ አደረጉት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ ጋሽ ተሰማ? ሽማግሌ ከወንበር ላስነሣ?»

«ጉባኤ ላይ አንበሳ ነው ይሉሃል፤ እኛ ፊት ድመት!» ሳቁብኝ። ወዲያው ሳቁን አቆሙት። «እኔ ለምርቃት ነው የመጣሁት። አስቀመጡኝ። ልጅቷ መርፌዋን ይዛ ስትጠራኝ እንቢ ብል ግብዣ መናቅ መሰለኝ። የሰው ድርሻ መሆኑን ባውቅ ምንስ ቢሆን እወስድ ነበር?»

እኔም አፈርኩ፤ እሳቸውም አፈሩ። የተለያየነው ሁለታችንም ይሉኝታ ይዞን እንደነበረ ተማምነን ነው።

«ነገ እመጣለሁ» አሉኝ ስወጣ።

«ጋሽ ተሰማ፣ እንዲያው ቢቀሩ…»

«እመጣለሁ አልኩህ።»

ቅዳሜ

እንደፈራሁት ሆነ። ጋሽ ተሰማ ገና ከደጅ ብቅ ሲሉ አዳራሹ «ኖር!» ብሎ ተነሣ።

«በእግዜር! ተቀመጡ።»

የተቀመጠ የለም። ሙሉጌታ ወንበሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ይዞላቸው መጣ።

«አንተ ሾፌር፣ ወንበሩን መልስ። እኔ ዛሬ እዚህ በር ላይ ነው ሥራዬ።» በሩ መቃን ላይ ተደግፈው ቆሙ። ሌሎች አዛውንቶች ሲመጡም «ዛሬ የእኛ ተራ አይደለም። የእኛ በጤና ጣቢያው ነው። እነዚህ ልጆች ቆሻሻችንን ይጠርጋሉ፣ ሬሳችንን ይቀብራሉ፤ ዛሬ እንኳ ይቅደሙ» እያሉ ይመልሷቸዋል። አንዳንዱ አጉረመረመ። አንዱም «ተሰማ፣ አንተ ሐሙስ ተወግተህ ነው የምትከለክለን?» አላቸው። «አዎ፣ ያን ዕዳ ነው ቆሜ የምከፍለው» አሉት።

ሠራተኞቹ ግን አሁንም ቆመዋል። ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ሲስተር ሃና ከመጋረጃው ብቅ ብላ አየችኝ። ይህኛውም ቀን ሊበላሽ ነው ብዬ ነበር።

ዘነበች የመጣችው ያን ጊዜ ነው። በቀጥታ ከሥራ ነው የመጣችው፤ ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያዋን አላወለቀችም፤ ጫማዋ አቧራ ነው። ጋሽ ተሰማን በር ላይ ስታይ ደንግጣ ጎንበስ ብላ ልታልፍ ስትል፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከተደገፉበት ቀና ብለው፣ ጀርባቸው እስኪቀና ድረስ፣ ለአንድ ታላቅ ሰው እንደሚደረገው፦

«ኖር!» አሏት።

 ዘነበች ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፤ ማን እንደመጣ ለማየት ነው። ማንም አልነበረም።

«አንቺን ነው ልጄ።»

«ኧረ አባቴ፣ ኧረ በማርያም…»

ከውስጥ ሙሉጌታ አንሾካሾከ፤ መቼም ዝም አይልም። «በእግዜር በያ! አባት አታስቁሚ!»

«በእግዜር» አለች፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ጋሽ ተሰማ በምርኩዛቸው የፊተኛውን ወንበር ጠቆሟት። ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉም ተቀመጠ።

ስትወጋ ዓይኗን ጨፍና ነበር። እኔ በበኩሌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ የእንጦጦ ጫፍ ላይ ጉም ነበር፤ እሱን ያየሁ መስዬ ቆየሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ ዘነበችን መንገድ ላይ አገኘኋት። ክንዷ አብጧል፤ ትንሽ አተኩሷታል። ሲስተር ሃና የክትባቱ የመከላከል ኃይል ቀስ እያለ እንደሚመጣ፣ ሁለተኛውም ዙር ሳይደርስ እንዳትዘናጋ አስጠንቅቃታለች። ስለዚህ አሁንም ማድ ቤት ናት።

«እናትሽስ?»

«መርፌ ተወጋሁ አልኳት። ‹ለማን ብለሽ?› አለችኝ። ላንቺ አልኳት።  በኋላ ‹እንግዲያው በሩን ገርበብ አድርጊው፣ ከሩቅ ልይሽ› አለችኝ።»

ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሚደርስ አልታወቀም። ትላንትም ለሁሉም አልበቃም፤ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ነገ ጉባኤ አለን፤ ስለ እነሱ እናገራለሁ። ሶፋ ሻጩም እንደሚናገር አልጠራጠርም።

ለንግግሬ ያሰብኩት መዝጊያ ይህ ነው። አሳቡን ላጸደቁ የምክር ቤት አባላት፣ ለሲስተር ሃናና ለባልደረቦቿ፣ ለዕድራችን ዳኛና በር ላይ ለቆሙ እግሮቻቸው፣ ወንበር ለቀው ለተመለሱትም ተቀምጠው ለተወጉትም ሠራተኞች ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የጀመርነው እንዲፈጸም፣ የቀሩትም ተራቸው እንዲደርስ፣ ገርበብ ያለውም በር በጤና ወለል ብሎ እንዲከፈት እመኛለሁ።

የመጨረሻውን ምኞት ጉባኤው ላይረዳው ይችላል። ከንግግሬ ግን አላወጣውም።