አባትሽ ያልተሸከመው ሰንደቅ

ሸርዊክ፣ ደርሃም
እሑድ፣ ኦገስት 24

የተወደድሽ ልጄ ቤታኒ፣

አንቺ ያለሽበት ሰላም ነው ብዬ ልመን፤ እኛ ግን ሰላም አይደለንም። ያልደወልኩት የፓርላማ ቢሮሽ ጸሐፊ ሁልጊዜ «መልእክቱን አደርሳለሁ» ብሎ ስለሚሸኘኝ ነው። ደግሞም የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፣ አባትሽ ይሰማል። ደብዳቤ ጀምረሽ እንደማትጨርሺ ስለማውቅ እዚሁ መጀመሪያው ላይ ልንገርሽ፦ ፈርቻለሁ። አባትሽ በራሱ ላይ አንድ ነገር እንዳያደርግ ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ጎረቤታችን ዊልፍ በጓሮ በር መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ አባትሽ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ይዟል።

«ግሌኒስ፣ ኪት ደህና ነው?»

«ምን ተፈጠረ?»

«የሽንኩርቱን ማዳበሪያ ነገረኝ።»

እዚህ ያደግሽ ነሽና ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። ባሮ ሽንኩርት ለውድድር የሚያሳድግ የዚህ አገር ወንድ መደቡ ላይ ምን እንደሚያፈስ ለሚስቱም አይናገርም። ሠላሳ ሰባት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ለእኔ አልነገረኝም። አያትሽ እንኳ ለአባትሽ የነገሩት ሊሞቱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው። ዊልፍ ደግሞ የውድድሩን ዋንጫ ከአባትሽ እነጥቃለሁ ብሎ ሃያ ዓመት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲሰልል የኖረ ሰው ነው።

«ዕድሜ ልኬን ስመኘው ኖሬ፣ እጄ ሲገባ ደነገጥኩ» አለኝ። «ውድድሩ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ‹መደቡንም አንተው ውሃ ታጠጣልኛለህ› አለኝ። የት ሊሄድ ነው?»

ወረቀቱን ለማንም እንዳያሳይ ብቻ ነገርኩት።

ነገሩ የመጣው ከዚያ ግምገማ ነው። የሕመም ድጎማው እንደገና ይታይ ተብሎ ተጠርተን ሄድን። «እንደ ሌላው ቀን ሆነህ ሂድ» ብዬው ነበር፤ እሱ ግን ተላጭቶ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫት አሰረ። «ለማኝ መስዬ አልገባም» አለ። ገምጋሚዋ ልጅ እግር ናት፣ ክፉም አልነበረችም። ከፋይሏ ውስጥ የምርጫ በራሪ ወረቀትሽን አወጣች፤ አባትሽ በሰልፉ ቀን የማዕድን ሠራተኞቹን ሰንደቅ ይዞ፣ አንቺ አጠገቡ እየሳቅሽ ያላችሁበትን።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ያህል መንገድ ተሸከሙት?»

አንቺም እኔም እዚያ ነበርን። ጎረምሶቹ ከፎቶው ውጭ ሆነው ገመዱን ወጥረው ይዘውለት፣ እሱ እንጨቱን የጨበጠው ፎቶ አንሺው እስኪጨርስ ብቻ ነው። ወዲያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ። ከንፈሩ ጠቆረ። እኔ የሚነፋውን መድኃኒት ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ አንቺ ውሃ ፍለጋ ሮጥሽ። የከሰል አቧራ የበላው ሳንባ ሰንደቅ አይሸከምም።

አባትሽ ግን ልጅቷን ቀና ብሎ እያየ «ከድልድዩ እስከ ሜዳው» አላት። ጻፈችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

መኪናው ውስጥ «አብደሃል?» አልኩት።

«ምን ልበላት? የልጄ ፎቶ ውሸት ነው ልበላት? በዚያ ፎቶ እኮ ነው የተመረጠችው።»

ድጎማው ተቋረጠ። በድጎማው የተሰጠን፣ ሆስፒታል የምንመላለስበት መኪናም አብሮ ይወሰዳል። ይግባኝ ለማለት እስከ ፊታችን ዓርብ ጊዜ አለው፤ ቅጹን ግን አልነካውም።

በዚያው ሳምንት በሬዲዮ ሰማንሽ። «የሚደብቀው የሌለው ሰው ይህን የድጎማ ሕግ ማሻሻያ አይፈራም» አልሽ። አባትሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ጥሩ ትናገራለች» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ልጄ፣ አባትሽ የሚደብቀው አለው። የሚደብቀውም ላንቺ ብሎ ነው።

ለሕጉ ድምፅ አልሰጥም ካልሽ ፓርቲሽ እንደሚያባርርሽ ነግረሽኛል። ተቀይሜሻለሁ፣ አልዋሽሽም፤ ቢሆንም ስለ ድምፅሽ አልለምንሽም። የምለምንሽ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በዚያን ቀን የሆነውን፣ ሰንደቁን እነማን እንደተሸከሙት በስምሽ ጻፊና ፈርመሽ ለይግባኙ ላኪልኝ። ጋዜጦቹ ቢያገኙት ምን እንደሚያደርጉሽ አውቃለሁ። እናት ልጇን እንዲህ ያለ ነገር ትጠይቃለች ወይ እያልኩ ሁለት ቀን አሰብኩ። ትጠይቃለች ለካ።

እኔ የምችለውን እያደረግሁ ነው። የሕመም ማስታገሻ ክኒኖቹን ዊልፍ ቤት አስቀመጥኩ። ሱቅ ስሄድ ዊልፍ አጥሩ ላይ ቆሞ በሽንኩርት ወሬ ይጨቀጭቀዋል። ስመለስ በሩን ከፍቼ ሳሉን ስሰማ ነው የምተነፍሰው። የፈሩት ይደርሳል የሚሉትን ነገር አፌ ላይ እንዳይመጣ ምላሴን እነክሳለሁ።

እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። በተናገርሽው ከመጸጸት፣ ባልተናገርሽው ከማልቀስ ይጠብቅሽ።

አሁን አባትሽ ገብቶ ነበር። ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት።

«ለቤታኒ ነው?»

«አዎ።»

«ደህና ነው በያት።» ወደ በሩ ዞር አለና «ያ ሕግ ለድምፅ የሚቀርበው መቼ ነው?» አለኝ።

ሴፕቴምበር ዘጠኝ አልኩት። በጣቱ ቆጠረ።

«ከዚያ በፊት የኔ ነገር ቢያልቅ ይቀላታል» አለና ሻይ ሊያፈላ ሄደ።

ጻፊልኝ ያልኩሽን ወረቀት ተዪው፣ ልጄ። ነይ።

እናትሽ
ግሌኒስ