ልጄ የደበቀኝ ቃል

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከዙህር በፊት
በርበሬ እየቀነጠስኩ ሳለ እንድሪስ መጣ። የሟቹ ባሌ ወንድም። ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ ያኔ አወቅኩ። ልጄ ጀማል። ኮምቦልቻ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሱብሒ ላይ። ሁለት ቀን ብቻ ታሞ። እጄ በርበሬ ነው፣ ዓይኔን መጥረግ አልቻልኩም። ደብተሬ፣ በቃኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ጀናዛው ሰኞውኑ መጥቶ ተቀበረ። ሰፈራችን ሆጤ በሙሉ ቤቴ ነው። እንድሪስ ለለቀስተኛው ያወራል፤ ጀማል የሚሠራበት ፋብሪካ ሥራ ካቆመ በኋላም እንግሊዝኛ እያስጠና ደህና ይኖር ነበር፣ ምንም አልጎደለበትም፣ ሰኞና ሐሙስ ይጾም ነበር። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ኮራሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከዐስር ሶላት በኋላ
ሰዒድ መጣ፣ ከጀማል ጋር ቤት የተከራየው ልጅ። ልብሱንና ደብተሩን አመጣልኝ። ጀማል የእንግሊዝኛ ቃል ከነምንጩ ይጽፍ ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ አይገባኝም። አንዱ ቃል ላይ ሁለቴ አስምሯል። አንብብልኝ አልኩት። ስኪንት። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ለኢድ የመጣ ጊዜ እዚሁ ቁጭ ብሎ በስልክ ሲለው ነበር፣ እየሳቀ። እኔም አብሬው ስቄያለሁ። ሰዒድ መሬት መሬት ያያል።
«ችስታ እንደ ማለት ነው፣ እናቴ።»
ምንጩንም አነበበልኝ። ቆዳው የተገፈፈ ከሚለው የመጣ ነው። ታዲያ ለምን ችስታ አላለም? እርስዎ እንዳይሰሙ ነው አለኝ። ከሰማች የጆሮ ወርቋን ትሸጣለች ይል ነበር።
እሸጥ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 14
በዓረፋ ስንት በግ ሲገፈፍ አይቻለሁ። በጉ ግን ከታረደ በኋላ ነው። ልጄ በቁሙ።
ሰዒድ ጋ ደወልኩ። ጾሙስ? አልኩት።
«ቤት ምግብ ሲጠፋ ነው የሚጾመው፣ እናቴ። ኋላ ኋላማ ሰኞና ሐሙስ ብቻም አልነበረም።»
ጀማልን በየቀኑ በስልክ በላህ ወይ እለው ነበር። ጾመኛ ነኝ ይለኛል። የጾመኛ ዱዓ ይሰማል፣ ለጉልበቴ ለምንልኝ እለዋለሁ። ለተራበ ልጅ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ሸሁ ዘንድ ሄድኩ። ልጄ አጥቶ የጾመው ጾም ነው ወይስ ረሃብ? ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ጠዋት ቤታቸው የሚበላ ጠይቀው የለም ሲባሉ፣ እንግዲያው ጾመኛ ነኝ ብለው ያውቃሉ አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ። ለሱ ደስ አለኝ። እኔን ግን ነጻ አያወጣኝም። ኮምቦልቻ እዚሁ ቁልቁል ነው፤ አንድ ቀን ወርጄ ድስቱን ከፍቼ አላየሁም።
ለእንድሪስ ነገርኩት። ተቆጣ። ነገ ሰው ለሰደቃ ሲሰበሰብ ቤታችንን እንዳታዋርጂ፣ የሞተ ሰው ይራባል እንዴ አለኝ።
ነገ እናገራለሁ። ልጄ አጥቶ ነበር፣ እኔ እናቱ አላወቅኩም እላለሁ። ይቆጣ።
ደብተሬ፣ አንቺንም ከፍቶ ያነበበ ሰው ቢኖር፣ ስሙ ጀማል ነው። ዱዓ ስታደርጉለት ደህና ነበር አትበሉ። ርቦት ነበር በሉ። ያ ረቢ፣ ማረው፣ አንተ ዘንድ ጠግቦ ይደር በሉልኝ።