የሰንጢው ሳንቲም

ለምወድህ ወንድሜ ለባቲስት፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ሎሬትስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የሞንትሪያል ብርድ እንዳልበረታባችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ባሌ አንሴልም ደኅና ነን። ሁላችንም ደኅና ነን ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አባባ ደኅና አይደሉም፣ ውሸት ደግሞ ሰሞኑን አልሆነልኝም።

ከወይን ለቀማው ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ሐኪሙ ሳንባቸው በድንጋይ ብናኝ ተሞልቷል ይላል። አርባ ስድስት ዓመት ዱሮል ወንዝ ዳር፣ ሳንቃ ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ውኃ በሚያዞረው መሳያ ድንጋይ የቢላ ስለት ሲያወጡ የዋጡት ነው። አሁንም በደረታቸው ካልተኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ውሻቸው ሙሹም እንደ መሳያ ቤቱ ዘመን እግራቸው ላይ ወጥታ ታሞቃቸዋለች። አንሴልም ቢያጉረመርምም እኔ አላወርዳትም ብያለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ሰንጢው ነው። የሄድክ ለታ ባቡር ጣቢያ የሰጡህን፣ እጀታው ከቀንድ የሆነውን። ሙያውን ጥለህ በመሄድህ ተኳርፋችሁ ነበር፤ ያም ሆኖ ሦስት ሳምንት ሲሠሩት ከረሙ። አንተ ተቀብለህ ኪስህ ከተትክና ባቡሩ ላይ ወጣህ። ሳንቲም አልሰጠሃቸውም። ስለት ያለው ስጦታ ሳንቲም ሳይሰጥበት ከተወሰደ ፍቅር ይቆርጣል ሲባል እየሰማን አድገን፣ የእኛ ቤት ልጅ ይህን እንዴት ይረሳል? ረስተኸው ይሁን አውቀህ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁህም። እሳቸው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ደብዳቤህ በዘገየ ቁጥር፣ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ እጁን ይዤ ሳንቲሜን አምጣ ማለት ነበረብኝ» ይላሉ።

ባለፈው እሑድ አንጀቴ አልችል አለኝና ዋሸሁ። ባቲስት ሳንቲሙን ልኮልዎታል ብዬ ከቦርሳዬ አንድ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። ዓይናቸው እንደደከመ ታውቃለህ፤ አውራ ጣታቸው ግን ዕድሜ ልኩን ስለት ሲፈትን የኖረ ነው። አገላበጡት፣ ጠርዙን ዳሰሱት። ከዚያ፣ «ምነው ክሎቲልድ፣ ካናዳም ሳንቲም ከእኛ መበደር ጀመረች እንዴ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ደም አስተፋቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ሳንቲሙን መልሰው አስጨበጡኝና፣ «በይ ላኪለት። ከእሱ እጅ ይምጣልኝ እንጂ የማንም ይሁን ግድ የለኝም» አሉ።

ተቀይሜሃለሁ ባቲስት፣ አልደብቅህም። ዛሬ ግን ለቂም የሚሆን ጊዜ የለንም። ደብዳቤ ስምንት ቀን ይሄዳል፣ ስምንት ቀን ይመለሳል። ሐኪሙን ስንት ቀን ቀራቸው ብዬ ብጠይቀው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ለሎሬት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሬሚንና ኮሌትን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አንሴልም ሰላም ብሎሃል። አባባን ምን ልበልልዎ ብላቸው፣ «ሰንጢው ደነዘ ወይ ብለሽ ጠይቂው» ብለውሃል።

ሳንቲሙን ከወረቀቱ ግርጌ በሰም አጣብቄዋለሁ። ፖስታውን ስትቀድ እንዳይወድቅብህ።

እህትህ ክሎቲልድ
ቲየር፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1961