«የሚወድ ያለቅሳል» ያለው ማነው?

ጥር 9

ትምህርት ነበር። የፊዚክስ መምህሩ ስለ ብርሃን አስተማረ፤ ገለበጥኩ። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ቀልድ አመጣና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ምሳ በልቼ ይሆን? ... በልቻለሁ መሰለኝ።

ቤት ስገባ አክስቴ ሳሎን ከእማዬ ጋር ነበረች። እህቴ ከሞተች ወዲህ ያልመጣችበት ሳምንት የለም። ሁለቱም ያለቅሳሉ። ሰላም ብያቸው ወደ ክፍሌ አለፍኩ። በሩን ሳልዘጋው ሰማኋት።

«ይኼ ልጅ ግን ድንጋይ ነው። በቀብሯ ቀን እንኳ አንዲት ዘለላ... አየሁት እኮ!»

እማዬ ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም።

አክስቴ እውነቷን ነው። ኅዳር ላይ ቀበርናት። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።

ጥር 12

ለአጎቴ ደወልኩ። ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። የዓመቱ አጋማሽ ሲያልቅ አንተ ጋ መጥቼ ልማር ወይ አልኩት።

«ና፣ ምን ገዶኝ! ግን ስተኛ አንኮራፋለሁ። ኋላ አልሰማሁም እንዳትል።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ደግ አደረገ። ምን እለው ነበር? እህቴን አልወደድኳትም መሰለኝ፣ ከሚወዷት ሰዎች ጋር አንድ ቤት መቀመጥ ከበደኝ... እንዲህ ተብሎ ይወራል?

ጥር 15

እንቅልፍ የለም። ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ ተኝቼ ስለተገኘሁ ከትምህርት ቤት ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ልከውኛል። ዓርብ እሄዳለሁ። ብሄድ ምን ይመጣል፣ ብቀርስ?

ጥር 18

ትንሽ ክፍል። ሁለት ወንበር። የመስኮቱ አንድ መስታወት ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ነው። እህቴ ብታየው ኖሮ እዚያው ሜትሯን ታወጣ ነበር። የአባዬ መስታወት መቁረጫ ቤት ነው የምትሠራው... ትሠራ የነበረው። ቆርጣ ስታ ስለማታውቅ «ሚሊሜትር» ነበር የሚላት።

«ምን ይሰማሃል?» አለችኝ ሴትየዋ።

«ምንም።»

«እሺ። ምንም እንደማይሰማህ ስታውቅ ለራስህ ምን ትለዋለህ?»

የተሰነጠቀውን መስታወት እያየሁ መለስኩላት።

«አልወደድኳትም ማለት ነው፣ እላለሁ። እስከ ዛሬ አላለቀስኩማ።»

አይዞህ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችኝም። ወረቀት ላይ ጻፈችና አዞረችልኝ፦ የሚወድ ያለቅሳል። እኔ አላለቀስኩም። ስለዚህ አልወደድኳትም።

«ይኼ ነው?»

«አዎ።»

«የመጀመሪያውን ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»

«ሁሉም ሰው ማነው? ስልኩን ስጠኝና ልደውልለት።»

እየቀለደች ነው? አልሳቀችም።

«ያዘነ ሰው ደንዝዞ ሊቆይ ይችላል» አለች። «ሐዘኑ ብቻውን ከባድ ነው። አንተ በላዩ ፍርድ ጫንክበት። ሐዘኑን ልወስድልህ አልችልም። ፍርዱን ግን አብረን እንመርምረው።»

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። እህቴን የሚወዱ ሁለት ሰዎች፣ አልቅሰው እንደሆነ ልጠይቅ። ሁለቱም አልቅሰው ከሆነስ? ... ያኔ አርፌ አጎቴ ጋ እሄዳለሁ።

ጥር 22

የእህቴ የልብ ጓደኛ ጋ ሄድኩ። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጥያቄዬን ስትሰማ መድኃኒት መደርደሯን ተወች።

«አለቀስኩ ወይ? እኔ እኮ ሰው ሽንኩርት ሲል ብሰማ የማለቅስ ሴት ነኝ!»

ያው። የሚወድ ያለቅሳል።

«ግን ልንገርህ... ለማንም አትንገር። ድመቴ የሞተች ጊዜ ከዚህ የበለጠ ነው ያለቀስኩት። ሳምንት ሙሉ ዓይኔ አብጦ። ታዲያ ድመቷን ከእህትህ አስበልጬ ነው የምወደው?»

«አይደለም።»

«እንዴት አወቅክ?»

ደንበኛ ገባ። ስወጣ የሳል ከረሜላ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። አላሳለኝም እኮ።

ጥር 26

ቅዳሜ። አባዬ ሰው ቤት መስታወት ሊገጥም ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ድሮ መስታወቱን ከታች የምትይዝለት እህቴ ነበረች። እየፈራሁ ጠየቅኩት።

«አባዬ... እሷ ስትሞት አልቅሰሃል?»

በመስታወቱ ጠርዝ ስቱኮ የሚጠቀጥቀው አውራ ጣቱ ቆመ።

«ምን አስጠየቀህ?»

«የቤት ሥራ ነው።»

«ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው ይኼ!»

ሥራውን ቀጠለ። አይመልስልኝም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እንደዞረ...

«አላለቀስኩም። ሣጥኑን ነበር የማየው። ክዳኑ አልገጠመም። ባንድ በኩል ሁለት ሚሊ ወጣ ብሏል። ሰዉ ይጮሃል፣ እኔ አናጢውን በሆዴ እሰድባለሁ። ለእሷ! ለሚሊሜትር እንዲህ ያለ ሥራ! እስካሁን ያንገበግበኛል።»

«ስለዚህ አልወደድካትም?»

ከአፌ አመለጠኝ። ዞሮ አየኝ። ሊቆጣ ነበር። አልተቆጣም። ስለ ራሴ እንደጠየቅኩ ገባው መሰለኝ።

«በል ያዝ ከታች» አለኝ።

ያዝኩ።

የካቲት 2

ሴትየዋ ጋ። የሰማሁትን ነገርኳት። ስለ ሣጥኑ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«አባትህ ይወዳት ነበር?»

«ምን ጥያቄ አለው!»

«ሳያለቅስ?»

«...ሳያለቅስ።»

«እንግዲያስ ያንን ሕግ እንደገና ጻፈው።»

«የሚወድ ሰው ሊያለቅስም ላያለቅስም ይችላል» ብዬ ጻፍኩ።

«አንተስ ትወዳት ነበር?»

«አላውቅም።»

«ይሻላል። ባለፈው እኮ እርግጠኛ ነበርክ።»

አመንኳት? ግማሽ በግማሽ። ዛሬ ግን ቶሎ እንቅልፍ መጣ።

የካቲት 6

አጎቴ ለእማዬ ደውሎ «የልጁ አልጋ ደርሷል» ብሏት ኖሯል። ጉድ ፈላ። ክፍሌ ገብታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«በእኔ ለቅሶ ተማርረህ ነው የምትሄደው?»

«ኧረ እማዬ!»

«ታዲያ?»

«...ድንጋይ ስለሆንኩ።»

«ማነው ያለህ? አክስትህ ናት አይደል? እሷ እኮ አውቶቡስ ቢያመልጣትም ታለቅሳለች!»

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ሆስፒታል ጥፍሯን ማን ነበር የሚቆርጥላት?»

«እኔ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ጥፍሯ ሲረዝም አትወድማ... ለሥራ አይመቻትም።»

«እኔ ልቆርጥላት አቃተኝ። አንተ አንድ በአንድ...»

ረስቼው አይደለም። ከመውደድ ቆጥሬው አላውቅም። ጥፍር ነው በቃ ብዬ።

«አጎትህን ምን ልበለው?»

«አልጋውን ራሱ ይተኛበት።»

እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ምንም አልመጣልኝም። እሺ... አልመጣም።

የካቲት 13

የእህቴን የስልክ መስመር ልናዘጋ ከእማዬ ጋር ሄድን። የስልክ ድርጅቱ «ውድ ደንበኛችን» እያለ መልእክት መላኩን አልተወም። ስልኩ በበራ ቁጥር እማዬ ትደነግጣለች።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ወጣት ቀና ሳይል፣

«የመስመሩ ባለቤት ራሷ ቀርባ ትፈርም» አለ።

እማዬ ሻርፗን ፊቷ ላይ አደረገች።

«እናት፣ ልጅቷን ይዘዋት ይምጡ። ቀጣይ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ውጭ ወጥቼ እጠብቃት ነበር። ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ።

«መምጣት አትችልም። ሞታለች።»

እንዲህ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ ቀና አለ።

«ይቅርታ... ነፍሷን ይማር። አንተ ምኗ ነህ?»

«ወንድሟ ነኝ።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኔ ደረቅ ነበር። ልጁም፣ ከኋላችን የተሰለፉትም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ይዩኝ። የእማዬን ክንድ ያዝኩና «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አልኩት።