የእናትሽን ደም ስጪልኝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ባልሽ እንዴት ነው? ያቺ ቀበጧ ልጅሽስ? ብርዱ አልበረታባችሁም? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሰባ አራት ዓመቴን ደፍኜ ዛሬም ሚስማር በሁለት ምት አስገባለሁ፤ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ ፊደሉ እየተንጋደደብኝ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። የሰው ዕዳ እንደማላሳድር ታውቂያለሽ። ለጎረቤታችን ለቆርቆሮ መቺው የመስኮት ክፈፍ አለብኝ፤ ለወንድምሽ ሚስት መደርደሪያ አለብኝ፤ በቃ፣ ዝርዝሩ ይቅር። እነዚህን ራሴ እወጣቸዋለሁ። አንዱ ብቻ አቅቶኝ ነው የምጽፍልሽ።

አትደንግጪ፤ አሁን ድኛለሁ። ባለፈው ወር መሮውን ወደ ራሴ አዙሬ ስገፋ አዳለጠኝና ጭኔ ውስጥ ገባ። «መሮ ወደ ገላ አይዞርም» እያልኩ ስንቱን ያስተማርኩ ሰውዬ! ወንድምሽ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ብዙ ደም ፈስሶኝ ስለነበር ሐኪሙ ደም ሳይሰጠኝ ቁስሉን ከፍቶ መስፋት እንደማይደፍር ተናገረ።

«ታዲያ ልጅ የወለድኩት ለመቼ ነው? ከእሱ ቅዱልኝ» አልኩ። ወንድምሽም እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ። ደም የምትመረምረው ልጅ ግን «አባባ፣ የእርስዎ ኦ ነው፣ የልጅዎ ኤ፤ አይሆንም» አለችኝ። ጦፍኩ! ከአብራኬ የወጣ ልጅ ደም እንዴት ለእኔ ባዕድ ይሆናል ብዬ ጮህኩ። እሷ ፈገግ ብላ «ልጅነቱንማ ማንም አልወሰደብዎትም፤ ደሙ ግን የእናቱን ይዟል። ለእርስዎ የሚሆነው ኦ ብቻ ነው፤ ኤ ቢገባብዎት ሰውነትዎ እንደ ጠላት ይዋጋዋል» አለች። ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሰው የሰጠው ኦ አለ አለችኝ። ማን እንደሆነ ግን አይነገርም። «የማላውቀውንማ አልወስድም፤ ውለታውን ለማን እመልሳለሁ?» አልኩ። ይሄኔ ያ ዝምተኛው ወንድምሽ «አባዬ፣ እናቴን ቀብሬያለሁ፤ አንተን ደግሞ ግትርነትህ አይቀብርህም!» ብሎ ጮኸብኝ። ክንዴን ዘረጋሁ። እሱም አንዴ እጅጌውን ሰብስቧልና «ለአንተ ባይሆን ለሌላ ይሆናል» ብሎ ደሙን ሰጥቶ ወጣ።

ቆርቆሮ መቺው ሊጠይቀኝ ሲመጣ እያንጎራጎርኩ አገኘኝ። «ሰጪው ዘፋኝ ነበር ማለት ነው፤ ምናለ ትንሽ ትሕትና ካለው ሰው በቀዱልህ!» አለኝ። ስፌቴ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

እዚያው አልጋ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺም ልጅሽን ስትወልጂ «ደምሽ ኤ ነው አሉኝ» ብለሽኝ ነበር። ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ለካ እኔ ብቻዬን ቀረሁ ስል እናትሽ በሁለታችሁ ደም ሥር ውስጥ ስትዞር ኖራለች! እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ድኜ ስነሣ የተቀበልኩትን ደም ልመልስ ብዬ ሐኪም ቤቱ ሄድኩ። ደም መርማሪዋ ልጅ «አባባ፣ ዕድሜዎ አልፏል፤ ደግሞ ገና መቀበልዎ ነው» ብላ ሻይ አጠጥታ ሸኘችኝ። እንግዲህ ይቺን አንቺ ክፈዪልኝ። ጤናሽን አይተው ከፈቀዱልሽ፣ እዚያው ባለሽበት ስጪ። ለማን እንደሚሆን አትጠይቂ፤ የእኔም ሰው አልጠየቀም። አንድ የማናውቀው ሰው የእናትሽን ደም ይዞ ከአልጋው ይነሣ።

ወንድምሽና ሚስቱ በጣም ናፍቀውሻል። ቆርቆሮ መቺውም ሰላም ብሎሻል፤ ክፈፌ የት ደረሰ እያለ ነው እንጂ። ባልሽን ጠይቂልኝ። ቀበጧን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የእሷንም ደም አስመርምሪ። ኤ ከሆነች አያቷን ወርሳለችና ቅብጠቷን ሁሉ ይቅር ብያለሁ።

አባትሽ
ከአናጺው ቤት፣ ከመላጊያው ጠረጴዛ ላይ
ሐሙስ ማለዳ፣ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን