አባዬ በሰው እጅ ተሻግሮ ቤቱ ገባ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? በዚህ ሰሞን የሚጠየቅ ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን እሱን ሳላስቀድም ብዕሬ አልሄድ አለኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ምግብ ይገባልሻል? ጡትሽስ ወተት አለው ወይስ ሐዘኑ አደረቀው? ትንሿ እንዴት ናት? ባለቤትሽ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ ለወጉ አይደለም፤ እማዬ ከትናንት ወዲያ ጀምራ የጓሮ አትክልቷን ስትኮተኩት ነው የምትውለው፤ እኔም ሥራ ገብቻለሁ።

በስልክ ላጫውትሽ ሞክሬ ነበር። አንቺ «ሃሎ» ስትይ እኔ ሆድ ይብሰኛል፣ እኔ ስጀምር አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ሁለታችን ስንረጋጋ ደግሞ መስመሩ ይቆረጣል። የጎረቤታችን ልጅ ወደ እናንተ ልትመጣ መሆኑን ስሰማ በእጇ መላክ ይሻላል አልኩ። አራስ ሆነሽ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽም ሳያልቅልሽ፣ አባዬን እስከ አውሮፕላኑ ሸኝተሽ ቀረሽ። የቀረውን መንገድ ልንገርሽ። «እማዬ ትወቅሰኛለች ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝንም እመልስልሻለሁ፤ ግን በቦታው ስደርስ ነው።

የተቀበልነው እኔና ወሬ አያልቅበትም ተብሎ «ሬዲዮ» የሚባለው አጎታችን ነን። አባዬን ወደ አንቺ ስንሸኘው በመንገደኞች በር፣ አዲሱን ኮቱን ለብሶ፣ «የልጅ ልጄን አቅፌ እመጣለሁ» እያለ ነበር የገባው። ሲመለስ ግን በጭነት ክፍል በኩል ነው ተባልን። ከማቀዝቀዣና ከመኪና ጎማ ጋር ተራ ይዞ ሳየው አንጀቴ ተቃጠለ። ዕቃ የሚያነሳው የፎርክሊፍት ሾፌር መጣ፣ ሳጥኑን አየ፣ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ለጓደኞቹ «ሰው ነው፤ ሰው በብረት አይነሳም» አላቸው። ሥራቸውን ትተው ከየጥጉ መጥተው በትከሻቸው አወጡልን። አጎታችን እንኳ ዝም አለ። አንድም ቃል ሳይተነፍስ እስከ በሩ ሲሄድ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

መኪና ይዞ የጠበቀን የአባዬ የድሮ ረዳት ነው፤ ያ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ግባ ግባ» ይል የነበረው። አሁን የራሱ የጭነት መኪና አለው፣ ጸጉሩም ሸብቷል። ቀስ እያለ ነበር የሚነዳው። አጎታችን ምላሱ ተመልሶለት «ምነው ኤሊ ቀደመችን» ቢለው፣ «ጋሼ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው፤ በእሳቸው መንገድ ላይ በሌላ አነዳድ አልነዳም» ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው፤ አባዬ አውቶቡስ ሲነዳ ዕድሜውን የጨረሰው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ሾፌሮቹ «አይቸኩሌ» ብለው ስም ያወጡለት ለዚሁ አይደል?

ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን መንገድ የለም። ድልድዩን ከጥቂት ቀናት በፊት ጎርፍ ወስዶታል። በወዲህም በወዲያም ማዶ መኪና ተደርድሮ ቆሟል፤ መንገደኛው ገመድ እየያዘ በእግሩ ይሻገራል፣ ውሃው ለረጅሙ ሰው ከወገብ በላይ ነው። በሌላ መንገድ እንዙር ቢባል ቀናት ይፈጃል። እንጠብቅ ቢባል ሰማዩ ጠቁሯል። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እታለም፣ አንቺ ያን ሁሉ ባሕር አሻግረሽ የላክሽውን እኔ አንድ ወንዝ አቃተኝ ብዬ አፈርኩ።

ያኔ ዳር ላይ ከቆሙት አንድ ሽማግሌ ሾፌር ጠጋ ብሎ «ምን ጭናችሁ ነው?» አለ። ረዳቱ «አስክሬን» አለው። «የማን?» «የአይቸኩሌ።» ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ወደ ማዶ ዞሮ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «አይቸኩሌ መጥቷል!» ብሎ ተጣራ። ከማዶ አንዱ ሰማ፣ ለሌላው ነገረ፤ ሾፌሮቹ ከየመኪናቸው እየወረዱ ሱሪያቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ሾፌሮቹ ቢገቡ አይገርመኝም ነበር፤ ያውቁታል። የገባው ግን መንገደኛው ሁሉ ነው። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ደብተሩን ለሰው ሰጥቶ የገባ አስተማሪ፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴቶች። ማንም አላዘዛቸውም። ከዳር እስከ ዳር ፊት ለፊት በሁለት መስመር ቆሙ፣ ውሃው ደረታቸውን እየገፋቸው። ሳጥኑን ከፍ አድርገው ተቀበሉንና ከእጅ ወደ እጅ ማሳለፍ ጀመሩ። «ያዝኩ»፣ «ልቀቅ»፣ «ያዝኩ»፣ «ልቀቅ» ከሚለው ሌላ ድምፅ አልነበረም። እኔ ከኋላ ይዤ ነበር፤ ተራዬ ሲያልፍ እንድለቅ ነገሩኝ፤ እጄ አልለቅ አለ። ከፊቴ የቆመች የማላውቃት ሴት «አባትህ ናቸው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «የእኔ አባት በሰው አገር ቀርቷል። ይሄኛው ይግባ፤ ልቀቅልኝ» አለችኝ። ለቀቅኩላት።

አባዬ በዚያ ሁሉ እጅ ላይ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ከሳጥኑ አንድ ማዕዘን እንኳ ውሃ አልነካውም። በሕይወቴ ብዙ ሰው አንድ ላይ አይቻለሁ፣ ሰው ግን እንደዚያን ቀን አይቼ አላውቅም። አጎታችን መሃል ላይ አንሸራትቶት ሲሰምጥ ወታደሩ በኮሌታው ጎትቶ አወጣው፤ አንድ ጫማውን ወንዙ ወሰደበት። «ወንዙም አዋቂ ነው፣ ከእኔና ከጫማዬ የሚሻለውን መርጦ ወሰደ» አለ አጎታችን። በዚያ መሃል ሳቅን፣ እግዜር ይቅር ይበለን።

ማዶ የነበረ የአውቶቡስ ሾፌር ከኋላ ያሉትን ወንበሮች አስፈትቶ ለአባዬ ቦታ አዘጋጅቶ ጠበቀን። ቁልፉን ለረዳቱ ሰጠው፤ «አንተ ንዳቸው። እኔ ተሻግሬ ያንተን መኪና ይዤ የእኔን ሰዎች አደርሳለሁ፣ በኋላ እንቀያየራለን» አለው። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። አባዬም እንደ ልማዱ በአውቶቡስ ቤቱ ገባ።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። አልደብቅሽም፤ መርዶውን ከሰማች ጀምሮ አላለቀሰችም። «በዚህ ዕድሜው አትውሰጂው ብያት ነበር፤ እሷ ናት የወሰደችብኝ» ትል ነበር፣ ለመጣው ሁሉ። ሳጥኑ ግቢ ሲገባ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ «ሳጥን አልቀብርም። ባሌን አሳዩኝ» አለች። እንዳይከፈት ታዟል ብንላት ማን ይሰማል። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያያል። በመጨረሻ ጎረቤታችን አናጢው «የውጪውን ጣውላ ብቻ ላንሳላቸው» ብሎ ሚስማሩን ነቀለ። ከሥሩ በፊቱ በኩል ትንሽ ክዳን አገኘ፤ ክዳኑን ሲያነሳው መስታወት ነበረው።

እማዬ ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል «ጥርሱን አድርጋለታለች» አለች።

አባዬ ያለ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ለሰው መታየት እንዴት እንደሚያፍር ታውቂያለሽ፤ ሌባ እንኳ ቢመጣ መጀመሪያ ጥርሱን ነበር የሚፈልገው። እማዬ እንደገና አጎንብሳ አየች፤ ጢሙን እንደሚወደው ከርክመሽለታል፣ እሷ የሠራችለትን ሹራብ ከኮቱ ሥር አልብሰሽዋል። «ማን ነው ያጠበው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ሰው አይነካውም ብለሽ አንቺው፣ ገና ከወለድሽ ወር ሳይሞላሽ፣ ብቻሽን እንዳሰናዳሽው ነገርኳት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔ እንኳ ብሆን በዚያች ሰዓት ጥርሱ ትዝ አይለኝም ነበር። ይቺ ልጅ ይህን አንጀት ከየት አመጣችው?» አለችና ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። እኛም ተከተልናት።

ስለዚህ እታለም፣ ወቅሳሻለች፤ አሁን ግን አትወቅስሽም። ቀብሩ በሰላም አለቀ፤ ሰው ከግቢው ተርፎ መንገድ ሞልቶ ነበር። ሊያጽናናት ለሚመጣ ሁሉ ስለ ወንዙ እኔ እንድናገር ትተወኛለች፤ ስለ አንቺ ስናወራ ግን አፌን አስዘግታ ራሷ ነው የምትናገረው።

ባለቤትሽን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ በዚያን ጊዜ ከጎንሽ ስለቆመ ወንድሜ ነው። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ሚስቴ ትስምሻለች፣ ልጆቹም «አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው» ይላሉ። አናጢው ጎረቤታችን እግዚአብሔር ያጽናሽ ይልሻል። አጎታችን ጫማ ላኪልኝ ይላል፤ አንዱን ብቻ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። ምን ልጻፍላት ብዬ ብጠይቃት ብዙ አሰበችና እንዲህ በላት አለችኝ፦ «ልጄ፣ አባትሽ በሰላም ገብቷል። አሁን ተኚ።»

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ
ከእማዬ ቤት፣ ነሐሴ 21 ቀን